ከአማቴ በቀር

ሰውየውን ሬዲዮ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ዛሬ በዚያ ስም ቢጠሩት ግን ዞር ብሎ የሚያይ አይመስለኝም። ሬዲዮ ያሰኘው አፉ ነው። ሳይክሉ ላይ ከወጣ አንስቶ እስኪወርድ ይለፈልፋል። ተሳቢው ባዶ ሲሆን ከራሱ ጋር፣ ሲሞላ ደግሞ ከዕቃው ጋር ያወራል። ቁምሳጥን ጭኖ ጠባብ መንገድ ውስጥ ሲገባ «ደረትህን ሰብሰብ አድርገው ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ አዳራሽ አይደለም» ይለዋል። መንገደኛው ይስቃል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ክፉ ሰው አይደለም። ይሄንን ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትረግሙት ብዬ ነው።

ሥራው ቤት ለሚለቅ ሰው ዕቃ ማመላለስ ነው። ከሳይክሉ ኋላ በብረት የተያያዘች፣ ራሱ ያስበየዳት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አለችው። ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ አናት ላይ ያስቀምጣል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ሳይክሉን ያነሳዋል፣ ወደ ፊት ከበዛ ዳገት ላይ ወገብ ይቆርጣል። ይሄንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል።

ልብስ ሰፊዋ ከሌላ ሰፈር መጥታ እሱን የቀጠረችው መኪና ስለፈራች ነው። የጭነት መኪና ደጅ ላይ ሲቆም ሰፈሩ በሙሉ አንገቱን ያወጣል፤ ሳይክልን ግን ማን ልብ ይለዋል? እንዲያ አሰበች። ሳይክለኛው እንዴት ያለ ሰው መሆኑን ያወቀችው የስፌት መኪናዋ ከተጫነ በኋላ ነው። «አንቺ የብረት እመቤት፣ ተመቸሽ ወይ?» እያለ መኪናዋን ሲያናግር ሰምታ ፊቷ ጠቆረ።

«እባክህ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ንዳ» አለችው።

«እሺ እህቴ፣ ዝም ነው! ከእንግዲህ ቃል ከአፌ ቢወጣ ምን አለ በዪኝ!» አለ። ዝም እንደሚልም እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ እየጮኸ አወራ።

የሴትዮዋ ነገር እንዲህ ነው። ሬዲዮ ይሄንን ያወቀው ከረፈደ ነው፤ እኛ ግን አሁኑኑ እንወቀው። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ እንጨት ላይ ወድቆ ሞተ። እሷም ከአንዲት ልጇ ጋር በባሏ ወላጆች ግቢ ቀረች። ልጅቷን ሚጢ ይሏታል፤ አፏን የፈታችው ገና በቅርቡ ነው። የባሏ አባት የሚስማርና የበር ማጠፊያ ሱቅ ስላለው ባለሚስማሩ ይባላል። እኔ ይሄን ሰው አንቱ አልለውም፤ አንቱታ በዕድሜ ብቻ አይገኝም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። «እንዴት ያሉ የረጋ ሰው ናቸው» ይላል ሰፈሩ፤ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሱ ፊት ነው። ልብስ ሰፊዋ ወጥቼ ራሴን ችዬ ልኑር ስትለው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ «መንገዱን ጨርቅ ያርግልሽ። የልጄ አጥንት ግን ከደጄ አይወጣም» አላት።

አጥንት ያላት ሚጢን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ልጅቷን ይዟት ሱቅ እየሄደ፣ ከሚስማር ካርቶኖቹ መሃል አስቀምጧት ይውላል። ማታ የግቢውን ቁልፍ ከትራሱ ሥር ያስገባል። አንድ እሑድ እናቷ አቅፋት እስከ ዋናው መንገድ ብትወጣ፣ ከኋላ መጥቶ፣ እጇን ሳይጎትት፣ ቃል ሳይወጣው ልጅቷን ከክንዷ ላይ ተቀበላትና ተመለሰ። ያን ዕለት የጮኹት ሚስቱ ናቸው። በሩን የከፈቱት እሳቸው ነበሩና። በማግስቱ ፊታቸው አብጦ «በር መታኝ» አሉ፤ ሰፈሩም እግዜር ይማርዎት ብሎ አለፈ። ሰፈር እንዲህ ነው፤ ማየት የማይፈልገውን አያይም።

እንግዲህ የሚጢ አያት፣ እኒህ በር የመታቸው ሴት፣ ናቸው ነገሩን ያሰቡት። ምራታቸውን ጓዳ ጠርተው «አንቺ ዕቃሽን ይዘሽ ቅደሚ» አሏት። «ምሳውን ሱቅ ሳደርስለት፣ ልጅቷን ላስተኛት ብዬ ከእጁ እወስዳታለሁ። ከዚያ ሱቁን እስኪዘጋ አይመለስም። ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«እማማ፣ ከዚያ በኋላ እርስዎስ?»

«እኔማ የለመድኩት ነው» አሉ።

ዕቃው በተጫነበት ጠዋት ዋናው ነገር ይሄ ብቻ ነበር፤ ሚጢ ከእናቷ እጅ መግባቷ። ዕቃው ቢሰበር ይሰበር ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው ነው። የተከራየችው ክፍል ዘንድ ሲደርሱ ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ ይቅርታ» አለና ዘጋው። ሬዲዮ ያን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው። ስድብ ግን ጣራ አይሆንም። ከነጭነቱ ሲዞሩ ቆይተው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ከአንድ አናጢ ቤት ጀርባ ባዶ ክፍል አገኙ። በሩ የሚከፈተው አናጢዎቹ ጣውላ በሚያወጡበት ቀጭን መተላለፊያ ላይ ነው፤ መስኮት የለውም። ልብስ ሰፊዋ አመነታች። ከዚያ የልጇን ትንሽዬ አልጋ ከተሳቢው ላይ ራሷ አወረደችና ጥጉ ላይ ዘረጋችው።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው። «አሁን ተመልሰህ የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቁምልኝ። አማቴ ወደዚያ ነው የሚመጡት፤ ቤቱ መቀየሩን አያውቁም። ይዘሃቸው ና።»

«አንቺስ ለምን አትሄጂም?»

«እኔን መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ካለ አለቀልኝ። ስማኝ ደግሞ፤ ይሄን ቤት ከአማቴ በቀር ለማንም እንዳታሳይ። ዕቃዬን ካወጣህበት ከዚያ ቤት ሌላ ሰው ቢመጣ ምንም አታውቅም። አደራህን።»

«ከአማትሽ በቀር!» አለ ሬዲዮ ደረቱን መትቶ። «ምላሴ ይቆረጥ! እሳቸውን በምን አውቃቸዋለሁ?»

«እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁሃል። ደግ ናቸው። እናትም አባትም ሆነውኛል።»

ከዚህ በላይ አልነገረችውም። ስለ ልጅቷ አልነገረችውም፣ ስለ ባለሚስማሩ አልነገረችውም። እንዴት ትንገረው? ለስፌት መኪና የሚያወራ ሰው ለሰው ከማውራት ምን ይመልሰዋል? ግማሹን ምስጢር ሰጥታ ግማሹን ያዘች። እኔም ብሆን እንዲያው ነበር የማደርገው፤ ግማሽ ምስጢር ግን አንዳንዴ ከሙሉው ይከፋል።

አማት የሚባል ቃል እንዴት ያለ ቃል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሱሪም ለብሶ ይመጣል፣ ቀሚስም ለብሶ ይመጣል። በሬዲዮ ቤት አማት ማለት የሚስቱ አባት ናቸው፤ ከእሱው ጋር የሚኖሩ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንደ እሱው የሚለፈልፉ ሽማግሌ። የሚስቱን እናት አላገኛቸውም፤ ከሠርጉ በፊት ሞተዋል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ «አማቴ ይመጣሉ» ስትል የታየው ኮትና ባርኔጣ ነው። «ይመጣሉ» እንደሆነ ከማንም አይጣላም፤ ለወንድም ይሆናል ለሴትም ይሆናል። ቁልቁለቱን ሲወርድ «ደግ አማት እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» እያለ ለባዶ ተሳቢው ይነግራት ነበር።

ከመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆሞ ጎማውን በእግሩ እየመታ ሲጠብቅ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት በግድግዳው ጥግ ጥጉን መጡ። ጀርባቸው ላይ ልጅ አዝለዋል፤ ልጅቷ እስከ አናቷ በፎጣ ተሸፍናለች። ትንሽ ይሄዱና ወደ ኋላ ያያሉ፤ ትንሽ ይሄዱና ያያሉ።

«ደህና ዋልክ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ።

«ደህና ዋሉ እማማ!» አለ ሬዲዮ። ጩኸቱ ከማዶው ተመልሶ መጣ። ሴትዮዋ ደነገጡ።

«እዚህ ቤት… ዛሬ የገባ ሰው ነበር?»

የሬዲዮ ጆሮ ቆመ። ይኸው መጣች አለ በልቡ፤ ከዚያ ቤት ሌላ ሰው ቢመጣ የተባለው ይኸው። ለዚያውም እንዴት ያለች ሰላይ! ልጅ አዝላ፣ ምስኪን መስላ!

«ማንም አልገባም እማማ!»

«ዕቃስ? የስፌት መኪና የጫነ ሰው አላየህም?»

«የምን ስፌት? የምን መኪና? እኔ ድንጋይ ነው የማመላልሰው!»

ሴትዮዋ ተሳቢውን አዩ። ወለሉ ላይ ቁራጭ ጨርቅና የተንከባለለ ክር ነበር። እኒያን ቁራጮች ያውቋቸዋል፤ ስንት ጊዜ ከምራታቸው እግር ሥር ጠርገዋቸዋል። ስለዚህ ሰውየው እየዋሸ መሆኑን አወቁ። የሚዋሽ ሰው ደግሞ የማን ሰው ሊሆን ይችላል? በዕድሜያቸው ሙሉ የገጠማቸው ውሸታም ሁሉ የባላቸው ወዳጅ ነበር። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። «እኔ አማቷ ነኝ» ለማለት የቀራቸው አንድ ትንፋሽ ነበር፤ ግን ይሄ ጮሌ ሄዶ ቢነግርብኝስ? ዋጡት።

«ይቅርታ ልጄ፣ ተሳስቼ ነው» ብለው ሄዱ። የሚሄዱበት አልነበራቸውም። ከታች ወፍጮ ቤት አለ፤ እህል የሚያስፈጩ ሴቶች ተራ የሚጠብቁበት። እዚያ ገብተው ከሰው መሃል ተቀመጡ። ሬዲዮም እስኪቀመጡ በዓይኑ ተከተላቸው፤ ደስ ብሎት። ዛሬስ ሚስቴ ባየችኝ! አለ። ዝም አይነቅዝም እያለች ስትነዘንዘኝ የኖረች!

ባለሚስማሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሱቅ ሚስማር ሊገዛ የገባ አንድ ግንበኛ፣ ምራቱ ከሳይክል ኋላ ስትሄድ ማየቱን እንደ ጨዋታ ነግሮት ነበር። ሚስቱና ልጅቷ ቤት ተኝተዋል ብሎ ስላመነ ወደ ቤት አልሄደም፤ ሱቁን ቆለፈና በየመንገዱ «የሚለፈልፍ ሳይክለኛ አላያችሁም?» እያለ ጠየቀ። ሁሉም ሰምቶታል። ሁሉም እጁን ዘርግቶ በዚህ አለፈ አለው።

«አንተ ነህ የምራቴን ዕቃ የጫንከው?» አለ። ኮት ለብሷል፤ ባርኔጣም አድርጓል።

ሬዲዮ ሁለተኛ ሰላይ እንዳይሆን ሰጋ። «እርስዎ ማን ነዎት አባባ?»

«አማቷ ነኝ።»

«ኧረ እንኳን ደህና መጡ! ቆሜ የምጠብቀው እርስዎን አይደል!»

«እኔን?»

«እርስዎን ነዋ! ‹ከአማቴ በቀር ለማንም እንዳታሳይ፣ እሳቸው ይመጣሉ› ብላ አቁማኝ!»

ባለሚስማሩ መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ አንዱን መስታወት፣ ከዚያ ሌላውን። «ከአማቴ በቀር አለችህ?»

«ቃል በቃል!»

«እሳቸው ይመጣሉ አለችህ?»

«ምን ይሄ ብቻ! እናትም አባትም ሆነውኛል ነው ያለችኝ!»

«እግዜር ይስጣት» አለ ባለሚስማሩ፤ መነጽሩንም አደረገ። «በል ምራኝ።»

መንገድ ጀመሩ። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ሬዲዮ ወርዶ ሳይክሉን መግፋት ጀመረ። ባዶ ተሳቢም ቢሆን ዳገት ላይ ይከብዳል። ድንገት ቀለለው። ዞር ቢል ባለሚስማሩ በአንድ እጁ ተሳቢውን ከኋላ እየገፋለት ነው። ለሽማግሌ የማይገባ ብርታት ነበረው፤ አልተነፈሰም እንኳ። ሬዲዮ ልቡ ተነካ። እንዲህ ያለ አማት!

«ቤቱ ሁለት በር አለው?» ሲል ጠየቀ ባለሚስማሩ።

«አንድ ብቻ ነው አባባ።»

«መስኮትስ?»

«የለውም። ትንሽ ጨለም ይላል።»

«ማጠፊያው እንዴት ነው? ደህና ነው?» ምን ላድርግ፣ ሙያዬ ነው ብሎ ሳቀ። ሬዲዮም ሳቀ። ማጠፊያው አሮጌ መሆኑን፣ መቆለፊያው ከውጭ እንጂ ከውስጥ አለመኖሩን፣ አናጢዎቹ ሲሠሩ በጩኸታቸው የሰው ድምፅ እንደማይሰማ ሁሉንም ዘረዘረለት። የሰላይዋንም ነገር ሊነግረው አፉን ከፈተ፤ ጀግንነቱን ለማን ሊተርከው ነው? «አንዲት ሴት ደግሞ…» ሲል ግን የዳገቱ ክፉ ቦታ ላይ ደረሱ፤ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ ሳል ያዘው፣ ወሬው ቀረ። በሕይወቱ አንድ ቀን ዳገት ከባለውለታ ተቆጠረለት ብትሉ ይሄ ነው።

በሩን በቡጢ አንኳኳ። «እህቴ ክፈቺ! አማትሽን ይዤልሽ መጣሁ!»

በሩ ተበረገደ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ዘርግታ ነበር የወጣችው፤ ዝቅ ብላ፣ ልጅ ለመቀበል። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። ወደ ላይ ቀና ብላ ኮቱን አየች፣ ባርኔጣውን አየች። ሬዲዮ እንዲህ ያለ ፊት አይቶ አያውቅም። ደም አልነበረውም።

«ግቡ በይን እንጂ» አለ ባለሚስማሩ። ሳትመልስለት ገባ። ክፍሉን ዞሮ ዞሮ አየው፤ በተዘረጋችው ትንሽዬ አልጋ ላይ ዓይኑን አሳረፈ። አልጋዋ ላይ የታጠፈች የልጅ ቀሚስ ነበረች።

«እኔ የጠበቅኩት…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

«ይኸው አማትሽ!» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ግን ቀጠነ። አንድ ነገር መበላሸቱ ገብቶታል፣ ምን እንደሆነ ነው ያልገባው።

«አማት ሁለት ነው ልጄ» አለው ባለሚስማሩ፤ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው በቀስታ። «የባል አባትም አማት ነው፣ የባል እናትም አማት ናት። ‹እሳቸው› ሲባል ደግሞ ወንድ ይሁን ሴት ማን ይለያል? ቋንቋችን ጨዋ ነው። አንተ ምንም አላጠፋህም። እንዲያውም እኔ የማላውቀውን ብዙ ነገር ነው የነገርከኝ።»

ይሄኔ ሬዲዮ ገባው። ከንፈራቸው የተንቀጠቀጠው ሴት፣ ፎጣው፣ ፎጣው ሥር ያለችው ልጅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡበት። በገዛ አፉ! አባርሯቸው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሱ ግን የወጣውን ብቻ ሳይሆን ያልወጣውንም አጥፍቶታል። ለሚገባቸው ዘግቶ ለማይገባው ከፈተ።

ባለሚስማሩ ስልኩን አወጣ። ከግቢው ፊት ለፊት ላለ ባለ ሱቅ ነበር የደወለው። «እንዴት ዋልክ፣ ደጃችን ደህና ነው?… አሃ። ልጅቷን አዝላ ነው የወጣችው? መቼ?… ግድ የለም፣ ስትመለስ ደውልልኝ።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ትንሿን አልጋ በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከራትና ጫፏ ላይ ተቀመጠ።

«አልደረሱም ማለት ነው» አለ። «ይመጣሉ። እንጠብቃለን።» ሬዲዮን ቀና ብሎ አየው። «ልጅ ያዘለች ሴት መንገድ ላይ አላጋጠመችህም?»

ልብስ ሰፊዋም አየችው። በዓይኗ ትለምነው ነበር።

«አላየሁም» አለ ሬዲዮ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አላየሁም።» ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህች ቃል ላይ ስንት ቃል ይደርብባት ነበር።

ባለሚስማሩ አተኩሮ አየው። «እንግዲያው አንተም እስኪመጡ ከእኛው ጋር ቆይ» አለ። «በሩን መለስ አድርገው።»

ይሄኔ ነው አናጢዎቹ የጮኹት። የተሳቢው ጎማ መተላለፊያውን ዘግቶባቸዋል፤ ረጅም ጣውላ ተሸክመው መሃል መንገድ ላይ ቆመዋል። «የማነው ይሄ ቆሻሻ! ታነሳለህ ወይስ እናንሳልህ?» አሉ። ሬዲዮ ይቅርታ ወንድሞቼ እያለ ዘሎ ወጣ። ልብስ ሰፊዋ እስከ ደፉ ተከተለችው።

«የቀረ ዕቃዬን አደራ» አለችው።

«የምን ዕቃ ቀረሽ?» አለ ባለሚስማሩ ከውስጥ።

«የመቁረጫ ጠረጴዛዬ» አለች። ለእሱ መለሰችለት፤ ዓይኗ ግን ከሬዲዮ ላይ አልተነሳም። «እንዳይሰበርብኝ። እዚህ ቦታ የለኝም፤ የትም ቢሆን ደህና ቦታ አስቀምጥልኝ።»

ሬዲዮ ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ተሳቢው ከኋላው እየዘለለ፣ ፍሬኑ እየጮኸ፣ እሱ አንድም ቃል ሳይተነፍስ። በልቡ ግን ይቀመጡልኝ፣ አይሂዱብኝ፣ እባክህ አምላኬ እያለ ነበር። ወደ ቤታቸው ተመልሰው ከሆነ አለቀ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲያይ ግን ነበሩ። ጥግ ላይ፣ ዱቄት ብን ብሎባቸው፣ ልጅቷን ወደ ደረታቸው አዙረው አቅፈዋታል። ተኝታለች። ሬዲዮን ሲያዩ ልጅቷን በሁለት እጃቸው ሸፈኗት።

«እማማ፣ እኔ የእሱ ሰው አይደለሁም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ። «በሞቴ ወደ ጓሮ ይውጡልኝ።»

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማያይበት፣ ሁሉንም ነገራቸው። አላሳመረውም። «ምራትዎ አማቴን ስትለኝ እርስዎን ነበር። እኔ ደንቆሮው ወንድ መሰለኝ። ባልዎን ይዤ ሄድኩባት። አሁን ቤቷ ገብቶ እናንተን እየጠበቀ ነው።» ይሄን ብሎ አለቀሰ። ይመቱኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመቱት ደስ ይለው ነበር።

እሳቸው አልመቱትም፤ አልረገሙትምም። «ሲያገኛት ተቆጣ?» ብለው ጠየቁት።

«አልተቆጣም። ተቀመጠ።»

«ተቀመጠ?» አሉ። ፊታቸው የአመድ መልክ ያዘ። «ቢቆጣ ነበር የሚሻለው።»

ለባለ ሱቁ መደወሉን፣ ስትመለስ ደውልልኝ ማለቱንም ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ሰው ዓይኑን ከደጃቸው ነቅሎ እንደማያውቅ፣ ባላቸው በጠየቀው ቁጥርም ስንት ጊዜ እንዳሳበቀባቸው ነገሩት። ወፍጮው ከግድግዳው ማዶ ያጓራል። ተሳቢውን አዩና «ዕቃ የምትጠቀልልበት ጆንያ ይዘሃል?» አሉ።

ዕቃ እንዳይፋጭ የሚጎዘጉዛቸው አሮጌ ጆንያዎች ነበሩት። ገሚሱን ተሳቢው ላይ አነጠፉና ልጅቷን ቀስ አድርገው አስተኟት። አልነቃችም። ሬዲዮ ሸራውን ከላይ ሲዘረጋ፣ አየር እንዲገባላት አንዱን ጠርዝ ራሳቸው አጥፈው አሰሩት። የቀሩትን ጆንያዎች አንድ ላይ ጠቅልለው፣ በፎጣው ሸፍነው፣ ጎንበስ ብለው ጀርባቸው ላይ አዘሉት። ደረታቸው ላይ ቋጠሩት።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«ልጅቷን አዝዬ ቤቴ እየገባሁ ነዋ» አሉ። «ባለ ሱቁ ያየኛል፣ ይደውልለታል። እሱም ከዚያ ቤት ይነሳል። ዓይንህ እያየ ሲወጣ ጠብቀህ እናቷን አውጣልኝ። ዕቃው ይቅር።»

«እሱ ቤት ሲደርስስ? ፎጣውን ገልጦ ጆንያ ሲያገኝ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

«አይሆንም እማማ! እርስዎም ተሳቢው ላይ ይውጡ፤ እኔ እጎትታለሁ፣ ከዚህ የባሰ ስንት ጭነት…»

«ማን ይደውልለታል ታዲያ?» አሉት። «እኔ ካልገባሁ ከእሷ ላይ አይነሳም።»

ሬዲዮ ቢያንስ ልባቸው ይረፍ ብሎ «የት እንደማደርሳት ልንገርዎት፤ እኔ ቤት ሚስቴ…» ሲል፣ መዳፋቸውን አፉ ላይ ጫኑበት። ዱቄት የነካው እጅ ነው፤ አጥብቀው ያዙት።

«ለእኔም አትንገረኝ» አሉ። «ይጠይቀኛል። እስክናገር ድረስ ይጠይቀኛል። የማላውቀውን ግን ቢገድለኝም አልናገርም።»

እጃቸውን አነሱ። ልጅቷን አልሳሟትም፣ እንዳትነቃ። ጀርባቸውን ጎበጥ አድርገው ወደ መንገዱ ወጡ። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት «ልጅቷ ተኛችልዎት?» አለቻቸው፤ «ተኝታለች እናቴ» አሏት። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ጥቅሉን መታ መታ ያደርጉ ጀመር፤ እሹሩሩ፣ እሹሩሩ እያሉ። ሬዲዮ ሳይክሉን ይዞ ከግድግዳው ጥግ ያያቸዋል። ይመለሱ ብሎ ሊጮህ ፈለገ፤ ልጅቷ ከሸራው ሥር ተገላበጠችና ተወው። እስከ መታጠፊያው ድረስ እጃቸው ከጆንያው ላይ አልወረደም።